ኮቱን የለበሰው

ሰኔ 3፣ ረቡዕ

ጥቁሩ ጃንጥላ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ እንጅባራ ባጃጅ ተራ ላይ፣ ከነፋስና ከዝናብ ጋር በጀግንነት ሲፋለም ቆይቶ ሕይወቱ ማለፉን የምገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። የጎን አጥንቶቹ ወደ ላይ ተገልብጠው ተሰብረዋል። ጨርቁ ተተርትሯል። ሟች ትጉህ፣ ዝምተኛና ሰው አክባሪ የነበረ ሲሆን፣ በሥራ ዘመኑ አንድም ቀን እረፍት ይሰጠኝ ብሎ አያውቅም። ለወዳጅ ዘመዶቹ መጽናናትን እመኛለሁ… ዘመዱ እኔ ብቻ ነኝ። አልተጽናናሁም። ካልሲዬ ርሷል።

አስከሬኑን አልጋ ሥር ወሸቅኩት። ለምን? ጃንጥላው የኔ አይደለማ። የአባባ ነው። አባባ ከሞተ በመጪው ነሐሴ ዓመት ይሞላዋል። የሞተ ሰው ጃንጥላ ብወስድ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነበር… የምትጠይቅ አለች። እማዬ። ግን ዓይኗን ሞራ ሸፍኖባታል። ሰው ሲመጣ ጥላውን እንጂ ፊቱን አታይም። ስለዚህ አታውቅም። አልጋ ሥር ማን ያያል?

ቀን ቀን ቢሮ ተቀምጬ መግለጫ እጽፋለሁ። ሁሉም «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» ብሎ ያልቃል። ያልተሳካውን ለዚህ ደብተር አተርፋለሁ።

ሰኔ 5፣ ዓርብ

እትዬ ዋጋዬ ከዳንግላ ደወለች። እኔና እህቴ የምንስማማው ኔትወርክ ሲቆረጥ ነው። ዛሬ ግን ጥሩ ወሬ ነው የያዘችው። ሐምሌ 6 ሰኞ የዓይን ሐኪሞች ዳንግላ ይመጣሉ። እስከ ዓርብ ድረስ የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ፣ በነጻ። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። እማዬን አዝለህም ቢሆን አምጣት አለችኝ።

እየሮጥኩ ለእማዬ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ። ጣቷ ያላገኘውን ጠጠር ማታ እኔ በጥርሴ አገኘዋለሁ።

«ለአባትህ ነግሬዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«የዓይኔን ነገር። ከሁዳዴ በፊት ነገርኩት። እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።»

«እና?»

«እና እጠብቃለኋ።»

ይኸው ነው። እማዬ በየወሩ በሃያ ሦስት ጥርባ ትሄዳለች፤ አባባ የተቀበረበት ጊዮርጊስ። መቃብሩ ጎን ትቀመጥና የወሩን ወሬ ትነግረዋለች። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደታመመ፣ ልጅህ እስካሁን አላገባም… መልሱን በሕልም ይልካል። አርባው እስኪወጣ ድረስ ሌሊት ሌሊት፣ ከዚያ ደግሞ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር አሉ። ከጥምቀት ወዲህ ግን ቀረ። በቢሮ ቋንቋ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።

አባባ በሕይወት እያለም መልስ የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ወጡ ጨው አነሰው ወይ ስትለው በማግስቱ «አንሶታል» የሚል ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሞቶ ይፈጥናል?

ሰኔ 8፣ ሰኞ

እማዬ በራችን ፊት ካለው ቦይ ወደቀች። ቦዩ እዚያ ከተቆፈረ ስንት ዘመኑ ነው። ጉልበቷ ተልጧል። ጎረቤት አንስቶ አስገባት። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ጉልበቷን እያሰረች እኔን ነው የተቆጣችው። ሞራው እየጠና ነው፣ ዝም ከተባለ ጥላ ማየቱም ይቀራል አለች። እኔን ነው የምትቆጣው! ለሟቹ ንገሪው ልላት ምንም አልቀረኝ።

እናቴ ስሟ ይታይሽ ነው። ስም ያወጡላት ሰዎች ምን ነካቸው ልበል… አስበው ነበር ማለት ነው።

ሰኔ 10፣ ረቡዕ

መልስ የለም። ከአባባም፣ ከኔትወርክም።

ሰኔ 14፣ እሑድ

በቤታችን ዛሬ ጉባኤ ተካሂዷል።

እትዬ ዋጋዬ ከዳንግላ መጣች። ከባሏ ጋር ጸሎት ቤት መሄድ ከጀመረች ቆይታለች። የነፍስ አባታችን ቄስ አድማሴ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ የእማዬን ጉልበት ሊጠይቁ ጎራ አሉ። ሁለቱን በአንድ አግዳሚ ላይ ማስቀመጥ… እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። ወንበር ጠፍቶ ነው። የአባባ በርጩማ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ እሷም፣ እሳቸውም፣ እኔም።

እህቴ ጀመረች። ሙታን ምንም አያውቁም፣ እንደ ተኛ ሰው ናቸው፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፣ ስለዚህ እማዬ ሐምሌ 6 መጥታ ትታከም። ቄስ አድማሴ ጭራቸውን እያወናጨፉ ተቀበሏት። ነፍስ አትተኛም፣ ያ ሀብታም ሰውዬ በሲኦል ሆኖ ቤት ያሉት ወንድሞቹ አሳስበውት የለም ወይ፣ ያውቃሉ እንጂ፣ ይሰማሉ እንጂ፣ ግን ከኛ የሚፈልጉት ጸሎትና ምጽዋት ነው፣ ማኅተም አይመቱም፣ ስለዚህ ይታይሽ ሄዳ ትታከም።

ልብ አልኩ። ሁለቱም ትታከም ነው ያሉት። ሁለቱም! ሐኪሙ ጋ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ምሳ እስኪቀርብ ድረስ በየትኛው እግር እንጀምር ብለው ተጨቃጨቁ። እህቴ ድምጿ ሰለለ። ቄሱ ላብ አጠመቃቸው። እኔ መሀል ገብቼ ‹እንግዲህ በአቋም መግለጫው ስለተስማማችሁ› ስል ሁለቱም አንድ ላይ «አንተ ዝም በል» አሉኝ። የጉባኤው ብቸኛ የጋራ ውሳኔ ይህ ነው።

በመጨረሻ እማዬ ተናገረች። ቀስ ብላ።

«ቄስ አድማሴ፣ ይቅር ይበሉኝ… ዋጋዬ፣ አንቺም ስሚ። ሁለታችሁም ሞታችሁ አታውቁም።»

ሽሮው ቀረበ።

እህቴ ወደ መናኸሪያ ስሸኛት መንገድ ላይ ቆማ «መቃብሩ ላይ ያለው ሣር ታጭዷል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ላልነቃ ሰው ሣሩ ምኑ ነው አላልኳትም። ልላት ነበር፤ ሚኒባሱ መጣ።

ሰኔ 15፣ ሰኞ

የዚህ ደብተር አቋም በማያሻማ ሁኔታ ይታወቅ ዘንድ፦ ሙታን ምንም አያውቁም። አይሰሙም፣ አያዩም፣ አይቀየሙም። የሚያውቁ ቢሆን ኖሮ አባባ ጃንጥላውን እኔ እንደሰበርኩት ያውቅ ነበር። ቢያውቅ ደግሞ…

ይህንን ስጽፍ ነጎድጓዱ ቤቱን አናወጠው።

ሰኔ ነው። እንጅባራ ነው። ነጎድጓድ ማስረጃ አይሆንም።

ሰኔ 20፣ ቅዳሜ

ሕልም አየሁ። ማለትም አላየሁም። ዛሬ ጠዋት ለእማዬ ያየሁላት ሕልም ግን ይህ ነው፦ አባባ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣ በብርሃን መካከል ቆሞ «ይታይሽ ዳንግላ ትሂድ፣ ፈቅጃለሁ» አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ነው ያዘጋጀሁት። ብርሃኑን የጨመርኩት መጨረሻ ላይ ነው። ቢሮም ጽሑፍ ሲሳሳብኝ ብርሃን እጨምራለሁ… ብሩህ ተስፋ፣ ምናምን።

እማዬ ምስሯን እየለቀመች ሰማች። ጨረስኩ። ምርመራው ተጀመረ።

«ነጭ ጋቢ?»

«ነጭ።»

«አባትህን ከዚያች ካኪ ኮቱ ውጪ አይተኸው ታውቃለህ?»

እዚያ ቤት ልብስ ይቀየር ይሆናል አልኳት።

«ጃንጥላም ይዞ ነበር?»

«አዎ፣ ያንን ጥቁሩን።»

«የተሰበረውን?»

…

አልጋ ሥር ማን ያያል ብዬ ነበር። ለካ ስትጠርግ በመጥረጊያው ትዳብሰዋለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቃለች። እንዳላዝን ብላ ዝም ብላኛለች። ማን ነው ከማን የሚደብቀው?

«ይሁን» አለች። «ለኔ የላከውን በምን አፍ ነገረህ?»

«በአማርኛ ነዋ።»

ሳቀች። እስክታለቅስ ሳቀች። እማዬ የቡሬ ልጅ ናት፤ አማርኛ ብቻ ይዛ ነው የመጣችው። ጥርባ ስትዳር አገውኛ የተማረችው ከአባባ ነው። አባባ ለኔና ለእህቴ፣ ለመምህሩ፣ ለዳኛው በአማርኛ ይናገራል። ለፈረሱና ለእማዬ ግን በአገውኛ። ሆዱ ያለውን ነገር በሌላ አፍ ተናግሮ አያውቅም። እንኳን ፈቃድ፣ ማታ ደህና እደሪ እንኳ። እኔ ደግሞ ትምህርት ብዬ ከሕፃንነቴ ዳንግላ አክስቴ ዘንድ ስላደግኩ ስሰማ ይገባኛል እንጂ ስናገር ምላሴ ይሰበራል። ሟቹን በኔ አፍ አናገርኩት… የሰነፍ ደራሲ ሥራ።

«እስቲ ማል» አለችኝ ሳቋን ስትጨርስ።

አፌን ከፈትኩ። «አባቴ ይሙት» ልል… ሞቷል። ትልቁ መሐላዬ ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ከአገልግሎት ውጪ ነው። የቀረኝ «የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» ብቻ ነበር። አልማልኩም። ወጥቼ ሄድኩ።

አሁን የሚከነክነኝ፦ ሙታን ምንም የማያውቁ ከሆነ አጥንታቸው ማንን እንደሚወጋ በምን ያውቃል? ምኑን ነው የፈራሁት?

ሰኔ 23፣ ማክሰኞ

ጥርባ አብሬያት ሄድኩ። እሷ መቃብሩ ጎን ተቀምጣ፣ እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ጽዱ ሥር ከዝናብ ተጠልዬ። ጃንጥላ የለማ። ብዙ አወራች። ሲሶውን ያህል ገባኝ። ስሜን ጠራች። ጋቢ አለች። ደግሞ ሳቀች። እሷ መሳቋ ተረጋግጧል፤ የወዲያኛው ወገን ምላሽ አልተጣራም።

ስንመለስ ጠየቅኳት። መልስ ሰጠ?

«አልሰጠም» አለች።

ሐምሌ እየመጣ ነው።

ሰኔ 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ቄስ አድማሴን ለመንኳቸው። እርስዎ ያዟት፣ ቃልዎን ትሰማለች አልኳቸው። ሄደው አነጋገሯት። ሲወጡ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ምን አለችዎ? «የኔ ልጅ፣ እናትህ የሆነ ነገር ይዛለች። ፈቃድ አይደለም ጉዳዩ» አሉኝ። ምንድነው ታዲያ? አልነገሩኝም። የነፍስ አባት ናቸው፤ እንደሚያውቁ እንኳ አይናገሩም።

እህቴ ደወለች፤ በጸሎት ይዤያታለሁ አለች። ሁሉም ይዟታል። የሚያንቀሳቅሳት ጠፋ።

ሐምሌ 1፣ ረቡዕ

ጮኽኩባት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጀበናው ያለ መስሏት ባዶ ምድጃ ላይ ውሃ አፍስሳ፣ አመዱ ፊቷ ላይ ቦነነ። እያጠብኳት ነው የጮኽኩት። መታወር ነው የምትፈልጊው? የሞተ ሰው መልስ እስኪልክ ትጠብቂያለሽ? የለም እኮ፣ አባባ የለም፣ አይሰማም፣ አያውቅም፣ ምን ይሻልሻል?

ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«ይሄ ነጭ ነገር ከሄደ እሱም ይሄዳል» አለች።

«ማን?»

«አባትህ። ቀን ዞር ሲል፣ ብርሃኑ በበሩ ሲገባ፣ እዚያ ጋ ይቆማል። ፊቱ አይለይልኝም፤ ትከሻውና ኮቱ ግን ይታየኛል። በሕልም መምጣት የተወው እኮ እዚህ መምጣት ስለጀመረ ነው። ዓይኔ ጥሩ የነበረ ጊዜ አንድም ቀን አልመጣም። አሁን ሞራውን ከገፈፉት በምን ይመጣል?»

ወደ በሩ አየሁ። በግራ በኩል ሚስማር አለ። ሚስማሩ ላይ ካኪ ኮቱ ተሰቅሏል። ራሷ ናት ከቀብር መልስ የሰቀለችው።

«እማዬ… ኮቱ ነው እኮ።»

«ኮቱማ ኮት ነው» አለች፣ እንደ ሞኝ ልጅ እያየችኝ፣ ማለትም ወደ ድምፄ እያየች። «ኮቱን የለበሰው ነው ነገሩ።»

ምን ይባላል? ምላሰኛ ነኝ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ፊቷ ላይ የቀረውን አመድ ጠረግኩላት።

ጉዳዩ በቦታው ተገኝቶ ተጣርቷል። እሷ ከተኛች በኋላ በሩ ጋ ሄጄ አየሁ። ሚስማር፣ ኮት። ማንም የለም።

ሐምሌ 2፣ ሐሙስ

ኮቱን ሳጥን ውስጥ ልክተተው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ብቻ፤ ኮት ብቻ እንደሆነ እንድትረዳ። እጄን ዘርግቼ ትከሻውን ነካሁት።

አላነሳሁትም።

ሐምሌ 3፣ ዓርብ

ለእትዬ ዋጋዬ በስልክ ነገርኳት። ስለ ነገሩ ሁሉ። ዝም አለች። ኔትወርኩ መሰለኝ። ኔትወርኩ አልነበረም።

«ካኪው ኮት?» አለች ኋላ። «ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ያስቀምጥልን የነበረው?»

«እሱ።»

ሙታን ምንም አያውቁም ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ሐኪም ቤቱ ሄዳ መጠየቋን ነገረችኝ። በአንድ ጊዜ የሚሠሩት አንድ ዓይን ብቻ ነው። ሌላው ለሌላ ዙር ነው።

አንድ ዓይን ብቻ…

ስልኩን ዘግቼ እማዬ ጋ ሄድኩ። አንዱን ብቻ ነው የሚነኩት አልኳት። አንዱን ለኛ፣ አንዱን ለሱ። እንደ በግ ገዢ አገላብጣ አሰበችው። የትኛውን? ሐኪሙ ነው የሚመርጠው ወይስ እኔ? ከምቀመጥበት በሩ በግራዬ ነው፣ የሚመጣው በግራዬ ነው፣ ግራዬን እንዳይነኩ። በኋላ ተጸጽቻለሁ ብል ይመልሱልኛል? አይመልሱም አልኳት። ቆይታ ቆይታ፦

«አንተ ንገረው» አለች። «እኔማ ነግሬው ዝም አለኝ። አንተ ሂድና ንገረው። በሱ አፍ።»

እኔ? ሙታን አይሰሙም ብዬ መግለጫ ያወጣሁት ሰውዬ?

«በሞቴ» አለች።

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

የቢሮው ጥበቃ ጋሽ ነጋ የአንከሻ ሰው ናቸው፤ አገውኛ ማለት እሳቸው ናቸው። አራት ዓረፍተ ነገር አስተምሩኝ አልኳቸው። ለማን ነው አሉ። ለአባቴ። አባትህ ሞቶ የለም ወይ? ሞቷል።

ግራ ይጋባሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ።

«ለሙት ከሆነ ቀስ እያልክ ተናገር» አሉኝ። «ለሕያው ነው የሚቸኮለው።»

ከሰዓቱን ሙሉ በጥበቃ ጎጆዋ ውስጥ አስደገሙኝ። አላፊ አግዳሚው ያያል። የመግለጫ ጸሐፊው ለሟች ንግግር እየተለማመደ ነው። በተሳካ ሁኔታ አልተጠናቀቀም።

ሐምሌ 5፣ እሑድ

ጾሙ ተፈታ። ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ጥርባ ሄድን። ጭጋግ ነበር። ዘንገናን ስናልፍ ሐይቁ አልታየም። እማዬ መቃብሩን በእጇ ዳብሳ አገኘችው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ተራው የኔ ነው።

ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ያያሉ። ኮሌታዬን አስተካከልኩ… ለማን?

አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅህ ወገኔ። እማዬን ዳንግላ ልወስዳት ነው። የሚነካው ቀኝ ዓይኗ ብቻ ነው። ግራው ያንተ ነው። አራቱ ዓረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው። በአማርኛ ስጽፋቸው ቀላል ናቸው። እዚያ ግን ሁለተኛው ላይ ምላሴ ተቆላለፈ፤ ልመልሰው ስል ባሰ። ከኋላዬ እማዬ ሳቋን ለቀቀችው። ምን እንዳልኩ እስካሁን አልነገረችኝም። ለሱ ግን ነገረችው፤ ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅኩ። ሁለት ሰዎች መቃብር ላይ እየሳቅን… ሽማግሌው አማትበው ሄዱ።

«አሁን ይስቃል» አለችኝ።

ሙት አይስቅም አላልኩም። ለምን አላልኩም?

ሦስተኛውንና አራተኛውን ቀስ ብዬ ጨረስኩ። እሷ አዳመጠች። ጽዱ ይንጠባጠባል።

«ሰምቷል» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ዝም ብሏል።»

«ሲቀየምም ዝም ነው የሚለው እኮ።»

«ዝምታው ይለያያል፣ ሞኙ። ሠላሳ ዓመት ስትሰማው ትለየዋለህ።»

ሐምሌ 8፣ ረቡዕ

ዳንግላ። ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ። እህቴ እማዬን በግራ፣ እኔ በቀኝ ይዘናታል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ደክሞታል። በመብራት አይቶ ግራው ነው የጠናው፣ ግራውን እንሠራለን አለ።

እማዬ ተነሣች። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ቆማ፣ ወደ መውጫው። ወንበሩን መታች፤ አልቆመችም።

ያለቀው ነገር ሁሉ ሊበላሽ ነው። እህቴ አየችኝ። ለዚህ ደክሞት ለቆመ ልጅ ምን ይባላል? አባታችን በግራ በኩል ነው የሚመጣው? የሚያምነኝ የለም። በስንት መግለጫ ስዋሽ የኖርኩት ሰውዬ እውነቱን የምናገርበት ቃል አጣሁ።

«ዶክተር» አልኩት፣ «ግራው ተይዟል።»

«ምን ማለት ነው ተይዟል?»

«ሰው አለበት።»

አየኝ። እማዬን አየ። እህቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታለቅሳለች ወይስ ትስቃለች? አልለየሁም። ሐኪሙ ከአሮጊት ጋር የሚሟገት ሰው አይደለም መሰለኝ… ወይ እሱም ቤቱ የተሰቀለ ኮት አለው። «እሺ፣ ቀኙም ደርሷል፣ ቀኙን እንሥራው» አለ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። እኔ ደግሞ በልቤ ያን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለመጠገን ሞከርኩ። ለማን እንደምናገር አይጠየቅ።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ

ፋሻው ተነሣ። ብዙ ጊዜ ዓይኗን አርገበገበች። ከዚያ እህቴን አየች፤ ጉንጯን ያዘች። ከዚያ እኔን አየች። ብዙ አየችኝ።

«ፀጉርህን ምን በላው?» አለች።

ወደ እንጅባራ ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት ያየችውን ሁሉ ጮክ ብላ ቆጠረች። በግ። ቆርቆሮ ቤት። ድንች የተዘራበት። ጭጋግ። ተሳፋሪው ተሳቀቀ። ምን ቸገራት።

ሐምሌ 12፣ እሑድ

እቤት ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ምንድነው? ኮቱ ጋ ሄደች። ቀረብ ብላ በቀኝ ዓይኗ መረመረችው። አቧራውን፣ ብል የበላውን ክርን፣ የተበጠሰውን ቁልፍ። ፈራሁ። አሁን ታወርደዋለች ብዬ።

አራገፈችው። መልሳ እዚያው ሰቀለችው።

ሐምሌ 19፣ እሑድ

ዝናብ። ቤት ዋልኩ። ምስሩ ውስጥ ጠጠር አልነበረም።

እማዬ ጃንጥላውን ከአልጋ ሥር አስወጣችኝ። በጥቁር ክር፣ በመርፌ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ራሷ አስገባች፤ እኔ ላግዝ ስል እጄን መታችኝ። የተሰበሩትን የጎን አጥንቶች በሽቦ አሰረች። ስትጨርስ ከፍታ ዘጋችው። «ውሰደው፣ ግን እሱ ይሄ ነገር ሁለተኛ እንዳይደገም ይልሃል» አለች።

«በምን አፍ ነው ያለው?»

«በራሱ ነዋ።»

ኋላ፣ ብርሃኑ በበሩ ሲገባ፣ ከጓዳ ብቅ ስል አየኋት። ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ከድናለች። በግራው ወደ በሩ ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አልጠራኋትም። ወደ ጓዳው ተመለስኩ፤ በእግሬ ጣት።

እርማት። በዚህ ደብተር ሰኔ 3 ቀን የጥቁሩ ጃንጥላ ሕይወት ማለፉ መገለጹ ይታወሳል። ዜናው ተገቢው ማጣራት ሳይደረግ የወጣ በመሆኑ ጃንጥላው በሕይወት እንደሚገኝና ሥራውን እንደጀመረ እናሳውቃለን። በተጨማሪም በሐምሌ 1 ማስታወሻ ስለ በሩ በተጻፈው ላይ «ማንም የለም» የሚለው «ለእኔ አልታየኝም» ተብሎ ይነበብ።